የእትየ ሙሉ ጽዋና የቬሱቪዮ ተራራ

ሰዎቹን አስቀድሜ በየስማቸው ልጥራ። አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ የሌለ ሰው ደግሞ ስሙን የሚያነሣለት ያስፈልገዋል።

አያ ቢያድግ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የመንገድ ጠባቂ። እትየ ሙሉ ከዛሪማ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ በመታጠፊያው ላይ ለሹፌሮች ሻይና ጠላ ትሸጥ ነበር። ስንዱ የእሷ ልጅ ነበረች፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ በክርክር ታላቄ። ቄስ አስረስ የመንደሩ የንስሐ አባት ነበሩ። አያ ፈንታ የመድኃኔዓለም ማኅበር መሪ ነበሩ፤ የማኅበር መሪን እኛ ሙሴ እንለዋለን። እናቴ ነበረች፤ አባቴ በዚያ ክረምት ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ ስለነበር ቤቱ በእሷ ትከሻ ላይ ነበር። እኔም ነበርኩ፤ ገና የማየውን ሁሉ የተረዳሁ የሚመስለኝ ልጅ።

አንድ ሰው ቀረ። በወረራው ዘመን ያንን መንገድ ያሠራ ጣሊያን ካቦ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ ነው። ስሙን አያ ቢያድግ ራሳቸው ረስተውታል። ያለ እሱ ግን ይህ ታሪክ አይነገርም።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ዓመት እዚህ ጎንደር በራችን ፊት ኮብልስቶን ሲነጠፍ ወጣቶቹ ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻ ይጠርቡ ነበር። ጥቁር ድንጋይ ሲመታ ከፍንጣሪው ጋር አንድ ሽታ ይወጣል፤ የተጫረ ክብሪት የሚመስል፣ የተለበለበ ፀጉርም የሚመስል። በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ትንሹ ልጄ ከውስጥ የታሪክ ትምህርቱን ያጠናል።

«አባባ፣ ቬሱቪየስ የሚባል ተራራ ታውቃለህ?»

«ሽታውን አውቃለሁ» አልኩት።

እህቱ ሳቀች። «መቼ ነው ጣሊያን የሄድከው?»

«አልሄድኩም። አትሳቂ።»

ልጆቼ ቁጡ አባት ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ የቀረውን ካገኘሁት ወረቀት ሁሉ እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ በተከፈተ መጽሐፍ ፊት ሲሳቅ ይከፋኛል። ልጄ ግን ንባቡን ቀጠለ። ተራራው ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እሳቱን ተፍቶ ከተሞችን በአመድ ቀበረ፤ ስለቀበራቸውም የጥንት ሮማውያን የዕለት ኑሮ፣ ምድጃቸው፣ ዳቧቸው፣ ግድግዳ ላይ የጫሩት ጽሑፍ ሳይቀር እስከ ዛሬ ቆየ ይላል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይዘው ከማያውቁት ከአያ ቢያድግ አፍ ሰምቼዋለሁ።

የመንገድ ጠባቂ ሥራ ውኃን መሄጃውን ማሳየት ነው። ሊማሊሞ ላይ መንገዱ ገደሉን እንደ መቀነት እየዞረ ይወርዳል፤ ከላይም ገደል፣ ከታችም ገደል። ክረምት ሲገባ ውኃው ከላይ ይመጣና መንገዱን መቁረጥ ያምረዋል። አያ ቢያድግ በዲጅኖና በአካፋ ቦዩን ይጠርጋሉ፣ ናዳውን ያነሣሉ፣ የተዘጋውን ይከፍታሉ። እኔ ምሳ አደርስላቸው ነበር። አገልግሉን አስቀምጬ እስኪበሉ ስጠብቅ ወሬያቸው ከምሳው ይበልጥብኝ ነበር።

መታጠፊያው ላይ፣ ከእትየ ሙሉ ቤት በላይ፣ ጣሊያን የሠራው ትልቅ የድንጋይ ግንብ አለ። ተራራውን በጀርባው ተሸክሞ የቆመ ነው። በግንቡ ላይ ክንድ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተደርድረው ክረምት ሲሆን ከሁሉም ውኃ ይፈስሳል። እኔ የተራራው አፍንጫዎች ይመስሉኝ ነበር፤ በዝናብ ጊዜ እንደኛ ጉንፋን የያዘው። አንድ ቀን ይህን ብነግራቸው አያ ቢያድግ አልሳቁም።

«ልክ ነህ፤ አፍንጫው ነው» አሉ። «ውኃው ከግንቡ ጀርባ ከተጠራቀመ ግንቡን ይገፋዋል። በዚህ ሲወጣ ግንቡ ይተነፍሳል። ካቦው ይኸን ነው ያስተማረኝ። ‹ቢያድ፣ ግንቡ ሲፈስ ተኛ፤ ሲደርቅ ተነሣ› ይለኝ ነበር።»

«ቢያድ ማነው?»

«እኔ ነኛ! ስሜን መጨረስ አቅቶት።»

ከዚያ ሁለት ጥቁር ድንጋዮች አንሥተው አጋጩና አፍንጫዬ ሥር አመጡልኝ።

«አሽትት። ቬሱቪዮ ይኸን ነው የሚሸት። ካቦው የዚያ ተራራ ሥር ልጅ ነው። የኛን ድንጋይ ያየ ቀን ሰብሮ አሸተተውና እንባው መጣ። ‹የኛ አገር ድንጋይ ነው፤ ይኸ ሁሉ ተራራችሁ የእሳት ልጅ ነው› አለኝ። እብድ ነው ብየ ነበር።»

የካቦው አባት የተቀበረው ከተማ ሲቆፈር አፈር በቅርጫት ያመላልስ ነበር አሉ።

«ቆፍረው ቆፍረው ምን ያገኙ ይመስልሃል?»

«ወርቅ።»

«ዳቦ!» አያ ቢያድግ ይህን ሲሉ ጣታቸውን ያነሣሉ። «ምድጃ ውስጥ እንደገባ፣ ከሰል መስሎ፣ መቁረጫው እንኳ ሳይጠፋ። ጋጋሪው ሊያወጣው ሲል ተራራው ቀደመው። ጠላ ቤቱ ከነጋኑ። ውሻው ከነሰንሰለቱ። ግድግዳው ላይ ሰው ለወዳጁ የጻፈው፣ ለጠላቱ የጻፈው፣ ሁሉም እንዳለ። ካቦው ምን ይል ነበር መሰለህ? ‹የነገሥታቱን ታሪክ ነገሥታቱ ራሳቸው ጽፈውታል፤ ድል አደረግን ነው የሚሉ። የድሃውን ቤት ያስቀመጠልን ተራራው ነው› ይል ነበር።»

«ሰዎቹስ?»

አያ ቢያድግ ከእንጀራቸው ጫፍ ቆርሰው ሰጡኝ። «ብላ» አሉኝ።

ይህን ወሬ ለስንዱ ሳልነግራት አልዋልኩም። የራሴንም ጨመርኩበት። ጣሊያን በዚህ መንገድ ከመጣ አገሩ ከአዲ አርቃይ ጀርባ መሆን አለበት፤ ስለዚህ በየማለዳው ከቆላው የሚነሣው ጉም የቬሱቪዮ ጭስ ነው። ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ ሹፌሮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሆነን ጉሙ ሲወጣ እንጠብቅ ነበር።

«ጭስ ቢሆን ዓይን ያቃጥላል» አለች ስንዱ። «ይኸ ፊት ነው የሚያጥብ።»

«ሩቅ ስለሆነ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ነው።»

«እንግዲያው ገንፎም ሩቅ ከመጣ ውኃ ይሆናል?»

በጀርባችን ያለው የቤታቸው ግድግዳ ሹፌሮች በከሰል በጻፉት የተሞላ ነበር፤ ስም፣ የመኪና ታርጋ፣ አንዱ ስለ ሌላው የጻፈው ስድብ። እትየ ሙሉ ማንበብ ስለማትችል ሁሉንም ምርቃት ነው ብላ ታምን ነበር።

በዚያ ዓመት በሐምሌ መድኃኔዓለም እትየ ሙሉ ጽዋ ተቀበለች። ከተማ ላደጉት ልጆቼ ይህ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ማኅበርተኞች በየወሩ በታቦቱ ቀን በተራ ይደግሳሉ። ድግሱ ሲያበቃ ቄሱ ባርከው ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጡታል፤ ባለተራው በእልልታ ታጅቦ ቤቱ ያስገባዋል። እስከሚቀጥለው ወር ጽዋው የሚያድረው እዚያ ነው፤ ቤቱም ያን ያህል ጊዜ የተመረጠ ቤት ነው። እትየ ሙሉን ለብዙ ዓመት አላስገቧትም ነበር። ጠላ ሻጭ ናት፣ ሹፌር ይውልባታል፣ ዘመዷ አይታወቅም ይሏታል። እናቴ ተከራክራ ተከራክራ ነው ያስገባቻት።

ጽዋውን በነጭ ነጠላ ሸፍና በደረቷ ይዛ ስትወርድ አይቻታለሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የምትራመደው። ቤት ገብታ ግድግዳውን እንደገና ለቀለቀች። ሹፌሮቹ የጻፉበትን የውጭውን ግን አልነካችም፤ ምርቃት ነዋ። ለማኅበሩ ጠላ ልትጠምቅ መሬት ውስጥ እስከ ወገቡ የተተከለውን ትልቁን ጋን አጠበች። እኔ እግዚአብሔር ጽዋው ውስጥ የተኛ መስሎኝ በዚያ ደጃፍ ሳልፍ በሹክሹክታ ነበር የማወራ።

«ቀን ቀንም ይተኛል?» አልኳት ስንዱን።

«አይተኛም፤ እናቴን ነው የሚጠብቃት» አለች።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። ዝናቡ ጠዋትም ማታም አልለይ አለ። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስደርስ አያ ቢያድግ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው በግንቡ ቀዳዳ አስገብተው አገኘኋቸው። ዝናቡ ይወርዳል፤ ከቀዳዳዎቹ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። እጃቸውን ሲያወጡ እፍኝ ሙሉ ጭቃ ይዞ ወጣ። ግንቡም ከመሐሉ ላይ ወደ ውጭ ቆዝሯል።

«አርግዟል» አልኳቸው።

«አዎን።»

«መቼ ይወልዳል?»

«እሱን ብናውቅማ ምን ነበር!»

በዲጅኖ ወጋ ወጋ ቢያደርጉት አልከፈት አለ፤ የተደፈነው ከውስጥ ነው። ወደ ደባርቅ ወጥተው ለመንገድ ሥራው ካምፕ ኃላፊ ነገሩት። ሰውየው አመናቸው። ማሽኑ ግን ጭቃው ሳይደርቅ ወደዚያ መውረድ አይችልም፤ እስከዚያው ሰዎቹን አንሡ አላቸው። ከግንቡ ሥር ያለ ቤት የእትየ ሙሉ ብቻ ነበር። በቀጥታ ወደ እሷ መጡ፤ እኔም ተከትያለሁ።

«ሙሉ፣ ዕቃሽን ሰብስቢና ወደ ላይ ውጭ።»

«ምነው አያ ቢያድግ! ጽዋ አስቀምጬ?»

«ጽዋውንም ይዘሽ።»

«የት ነው ይዤው የምወጣ? ሰው ቤት? ጽዋ ተቀብላ ሰው ቤት አሳደረችው ልባል?»

«ግንቡ ይወድቃል እያልኩሽ ነው!»

«መድኃኔዓለም ባደረበት ቤት ላይ?»

«ልጅ አለችሽ፣ አንች ሴት!»

ያን ጊዜ ድምጿ ዝቅ አለ። «ስለ ልጄ እኮ ነው አያ ቢያድግ። የጠላ ሻጭ ልጅ ነው የሚሏት። ጽዋው በቀኑ፣ በእልልታ ከቤቴ ከወጣ የማኅበርተኛ ልጅ ትሆናለች። ቀኑ ሳይደርስ ከወጣ ግን ‹አልቀመጥላት አለ› ይላሉ። እኔ ብሞት እሷን ይሏታል። እርስዎ ያውቋቸው የለም?»

ያውቋቸዋል። በልጅነታቸው ለጣሊያን በመሥራታቸው የተነሣ እስከ ሽምግልና «የጣሊያን ሎሌ» ሲሏቸው ኖረዋል። ማኅበርም ገብተው አያውቁም። ወደ ዝናቡ ዞረው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተቀምጦ ሳለ አያ ቢያድግ ለመናገር ተነሡ። በጉባኤ ተናግረው አያውቁምና ሁሉም ዝም አለ። የቬሱቪዮን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገሯቸው። ዳቦውን፣ ጋኑን፣ ውሻውን። ምልክት እንደነበረ፣ ምድሪቱ አስቀድማ እንደተንቀጠቀጠች፣ ሰዉ ግን እንደለመደው። ለእኔ ያልነገሩኝንም ያን ዕለት ተናገሩ። ሰዎቹ አፋቸውን በልብሳቸው እንደሸፈኑ፣ እናት ልጇን እንዳቀፈች ተገኙ አሉ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ስንዱን አየሁ፤ ስንዱ እናቷን አየች።

ከዚያ አያ ፈንታ ተነሡ።

«ሰማችሁ ወገኖቼ? ሰዶም ማለት ይኸ ነው! ጾም የለ፣ ጸሎት የለ፣ ሲበሉ ሲጠጡ እሳት ወረደባቸው።»

«አልወረደም» አሉ አያ ቢያድግ። «ከመሬት ነው የወጣ።»

«የወጣም የወረደም ያው እሳት ነው። ታዲያ የኛን ተራራ ማን ይዞልን ነው የቆመ? መድኃኔዓለም አይደለም? እንግዲህ ጽዋው ከዚያ ቤት ንቅንቅ አይልም! የዚህን ወር ማኅበር ልጅ አዋቂ ሳይቀር እዚያው ግንቡ ሥር ወርደን ነው የምናከብር!»

እልልታው ቀለጠ። አያ ቢያድግ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁና አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ሰው የሌላውን አገር ጥፋት ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ጥፋት ያመጣውን ኃጢአት ነው፤ ኃጢአቱ የእሱ አለመሆኑን ሲያረጋግጥ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ለልጆቼ የምለው፣ ታሪክ ስታነቡ ከሟቾቹ ጋር ቁሙ፤ ከፈራጆቹ ጋር አትቁሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ አያ ቢያድግ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «አንድ ሴት ላወጣ ሄጄ መንደሩን በሙሉ አስገባሁት» አሉ።

የእሳቸው ቤት ከመንደሩ ዳር፣ ሜዳው ላይ ነበር። በዚያ ሰፈር ብቸኛው የድንጋይ ቤት ነው፤ ከካቦው በተማሩት ሙያ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠርበው ራሳቸው ሠርተውታል። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። በዚያ ሰሞን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳብሱት አየሁ። ርጥበት የሚፈትሹ መስሎኝ ነበር።

ማኅበሩ ሲቃረብ ቄስ አስረስን፣ አያ ፈንታንና እናቴን ወደ እትየ ሙሉ ቤት ጠሩ። እኔና ስንዱ አግዳሚው ላይ ነበርን። ጽዋው ተሸፍኖ ከፍ ባለ ቦታ ተቀምጧል። አያ ቢያድግ ማኅበርተኛ ስላልሆኑ ከደፉ አላለፉም።

«ቄስ አስረስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጽዋው ማደር ያለበት የት ነው?»

«በባለተራዋ ቤት።»

«በዚህ ጣሪያ ሥር ነው ወይስ በባለተራዋ ቤት?»

ቄስ አስረስ ጥቂት አሰቡ። «በባለተራዋ ቤት» አሉ።

«እንግዲያው ምስክር ሁኑኝ። የድንጋይ ቤቴ ከዛሬ ጀምሮ የሙሉነሽ ነው። ከእንግዲህ ቤቷ እሱ ነው፤ ጽዋው ከቤቷ ወደ ቤቷ ነው የሚሄድ።»

«ኧረ በሥላሴ! ምን ሁነው ነው?» አለች እትየ ሙሉ።

አያ ፈንታ ሳቁ። «አንተ ቢያድግ፣ ይኸ የጣሊያን ዘዴ ነው። ማኅበሩ ሲያልፍ ልትመልሰው።»

«ፈንታ፣ በጽዋ ፊት የተሰጠ ይመለሳል?»

የማኅበር ሙሴ ሆኖ ይመለሳል ማለት አይቻልም።

«አስበህ ተናገር ቢያድግ» አሉ ቄስ አስረስ በለሆሳስ። «ይኸ ቃል ከወጣ አይገባም።»

«አስቤ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በማግስቱ ጽዋው በዝናብ ውስጥ፣ በእልልታ፣ ዳገቱን ወጣ። ዝማሬውን መምራት የሙሴ ሥራ ነውና የመሩት አያ ፈንታ ራሳቸው ነበሩ። እትየ ሙሉ ጽዋውን እንደ በፊቱ በደረቷ ይዛለች፤ አሁን ግን እንደ ሙሽራ አልነበረም የምትራመደው፤ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው እያየች ነበር የምትረግጠው።

ማኅበሩ ሸጋ ሆኖ አለፈ። አያ ቢያድግ በራሳቸው ቤት እንግዳ ሆነው ከበሩ ጥግ ተቀመጡ። አያ ፈንታ ጠላ ሲቀዱላቸው «ተጫወት እንጂ፣ እንግዳ ነህ አትፈር» አሏቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አያ ቢያድግም ሳቁ። ግንቡ ግን አልወደቀም።

ከዚያ ወዲያ አያ ቢያድግ እኛ ቤት መጡ፤ የእኔ መደብ ላይ ከእኔ ጋር ያድሩ ጀመር። ልብሳቸው ያ የድንጋይ ሽታ ነበረው። «ስታድግ አንብብና ካቦው ዋሽቶኝ እንደሁ ንገረኝ» ይሉኝ ነበር። ፊደል እንድቆጥር ያደረገኝ አስተማሪ አይደለም፤ ይህ አደራ ነው።

ዝናቡ አባራ። ግንቡ እንደቆዘረ ቆሟል። አያ ፈንታ በደጃችን ባለፉ ቁጥር «የቢያድግ ተራራ ዛሬም አልተፋም?» ይላሉ። ዘመን መለወጫ አለፈ፤ አደይ አበባ ፈነዳ፤ ማሽኑም እንደሚመጣ ተሰማ። እትየ ሙሉ ደግሞ ተቸግራ ነበር፤ ሹፌር ለሻይ ብሎ ዳገት አይወጣላትም። ቀን ቀን ወደ መታጠፊያው እየወረደች መሸጥ ጀመረች። አያ ቢያድግ ቢቆጧትም «ማደሪያዬማ እዚያ ነው፤ መዋያዬን ይተዉልኝ» ትላቸው ነበር።

አንድ ጥርት ያለ ማለዳ ከታች፣ ከመታጠፊያው፣ እየተቻኮለች እኛ ቤት መጣች፤ ስንዱና ቄስ አስረስ አብረዋት ነበሩ። በእጇ የድንጋዩን ቤት ቁልፍ ይዛለች።

«አያ ቢያድግ፣ ጽዋው በሰላም ከቤቴ ወጣ፤ ስሜ ተጠራ፤ ልጄም ቀና አለች። እርስዎ ግን ከልጅ ጋር በመደብ ተጣበው ሲያድሩ እያየሁ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ይኸው ቁልፍዎ። እኔ ወደ ቀድሞ ቤቴ ልመለስ ነው።»

«ቁልፉ ያንች ነው።»

«ኧረ የርስዎ ነው!»

«ቄስ አስረስ፣ ይንገሯት እንጂ።»

«እኔ ከቃልህ ልፈታህ እችላለሁ» አሉ ቄስ አስረስ። «ለዚሁ ነው ይዛኝ የመጣች። እግዚአብሔር ልብህን አይቷል።»

«አልፈታም።»

«ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነዎት እርስዎ!» አለች እትየ ሙሉ። ቁልፉን ጭናቸው ላይ ወረወረችው። መልሰው ወረወሩላት። መሬት ወደቀ። እኔና ስንዱ ሳቃችንን መያዝ አቃተን፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች «ያንች ነው»፣ «የርስዎ ነው» እየተባባሉ ሲጣሉ አይተን አናውቅም።

«እንግዲህ ማኪና ይመጣብኛል፤ ሻይ ጥጄ ነው የመጣሁ፣ ልሂድ» ብላ ስንዱን ይዛ ዞረች።

አያ ቢያድግ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ቁልፍሽን ሳታነሽ ከዚህ አትወጭም።»

«አላነሣም!»

«እንግዲያው ሁላችንም እንቀመጣለን።»

ያን ጊዜ ነው መሬቱ ከእግራችን ሥር እንደ በሬ ያጓራው። ቀጥሎ ረጅም ድምፅ መጣ፤ ጤፍ ከጆንያ ሲፈስ የሚያሰማውን፣ ግን ማለቂያ የሌለውን። ወጥተን ሮጥን። ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ከመታጠፊያው ላይ ነጭ አቧራ እየተጠቀለለ ይነሣል። ቀስ እያለ ሽታው ደረሰን፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ድንጋይ አንድ ላይ የተጋጨ ያህል።

«ቬሱቪዮ!» ብዬ ጮኽኩ። ማንም አልሳቀብኝም።

አቧራው ሲገለጥ ግንቡ የለም፤ መንገዱ የለም፤ ቤቱ የለም። ጥቁር አፈርና ድንጋይ ብቻ እስከ ታችኛው ገደል ወርዷል። እትየ ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጣ የስንዱን ራስ በሁለት እጇ ያዘች። «ሻዩን እሳት ላይ ነው የተውኩት» አለች።

አያ ፈንታ ከመንደሩ እየሮጡ መጡ። ናዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ልጅቱን አዩ። ከዚያ እኛ ቤት ገብተው ቁልፉን ከመሬት አነሡና እትየ ሙሉ መዳፍ ውስጥ አስቀመጡት። ወደ አያ ቢያድግም ዞሩ።

«ቢያድግ፣ ማኅበር ግባ» አሉ።

«ቤት የሌለው ሰው ጽዋ የት ያሳድራል ፈንታ?» አሉ አያ ቢያድግ፤ እየሳቁ ነበር።

አያ ፈንታ «የእኔን ቤት ቤትህ አድርግ» ብለው ብዙ ለመኗቸው። አያ ቢያድግ እንቢ አሉ፤ በአንድ ዓመት ሁለት ቤት መንቀል ይበቃናል ብለው። እስኪሞቱ ድረስ ማኅበር አልገቡም። ግን በየወሩ በመድኃኔዓለም ቀን ዳቦና ጠላ ወደ እኛ ቤት ይላክላቸው ነበር፤ የሚያመጡት አያ ፈንታ ራሳቸው ነበሩ። ካቦው እንዳልዋሸ አንብቤ ልነግራቸው ደረስኩ፤ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የመጽሐፉን ሥዕል በቃል ነገርኳቸው። «ዳቦውስ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው።

ባለፈው ሚያዝያ ትንሹን ልጄን ይዤ በዚያ መንገድ ወደ አዲ አርቃይ ወረድኩ። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፤ በናዳው ላይ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሏል። ከመኪና ወርደን ዳሩ ላይ ቆምን። ሁለት ጥቁር ድንጋዮች አንሥቼ አጋጨሁና አፍንጫው ሥር አመጣሁለት። አሸተተው። ኋላ ወደ ሣሩ እያየ ጠየቀኝ፤

«አባባ፣ አሁን እዚህ ቢቆፈር ምን ይገኛል?»

የሆነው ሁሉ ያስከፈለንን በሙሉ ደምሬ ነገርኩት። ከመሬት በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ አንድ የድንጋይ ቤት አለ፤ ዛሬ የስንዱ ልጆች ይኖሩበታል። የሠሩት ሰው በሰው መደብ ላይ ኖረው ጽዋ ሳይቀበሉ ሞቱ። ከመሬት በታች አንድ ቤት አለ። ግድግዳው ላይ የሹፌሮች ስምና ስድብ በከሰል ተጽፏል። ትልቅ ጋን እስከ ወገቡ ተተክሏል። አግዳሚ አለ፣ የሻይ ብርጭቆዎች አሉ፣ እሳት ላይ የተጣደ ማንቆርቆሪያ አለ።

«ሰዎቹስ?» አለኝ።

«ሰው የለበትም» አልኩት።